መኪናው ገብቶ መሐንዲሱ ደጅ ሲቆም

ስለ ምሕንድስና ትምህርትና ስለ ተመራቂዎቹ የሥራ ተስፋ

ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ጭንቀት አለ። ለፋብሪካ የሚሆን መኪና ለመግዛት አስቀድሞ ፕሮፎርማ ይጠየቃል፤ የውጭ ምንዛሪ ይጠበቃል፤ በባንክ ኤል ሲ ይከፈታል፤ ዕቃውም ጂቡቲ ወደብ ተራግፎ፣ በሞጆ ደረቅ ወደብ በኩል አልፎ፣ ቀረጡ ተከፍሎበት ወደ መጋዘን ይገባል። ይህ ሁሉ ድካም ከተፈጸመ በኋላ መኪናው ይተከላል፤ ዳቦ ይቆረሳል፤ ሥራም ይጀመራል። ጥቂት ወራት እንዳለፉ ግን አንድ ቀን ጠዋት መኪናው ይቆማል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ለሻጩ ኩባንያ ይጽፋል፤ ከውጭ የሚመጣውም ቴክኒሻን የአውሮፕላን ትኬት፣ የሆቴልና የቀን አበል በውጭ ገንዘብ ይጠይቃል። እስኪመጣ ድረስ ሠራተኞቹ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ፤ ደንበኛውም ፊቱን ወደ ሌላ ሱቅ ያዞራል።

በዚያችው ጠዋት፣ በዚያው ከተማ፣ አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ሥራ ፍለጋ ይነሣል። ቀድሞ እንደ እርሱ ያለው ወጣት ወደ አራት ኪሎ ወርዶ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሲያነብብ ይውል ነበር፤ ዛሬ ግን በእጅ ስልኩ በቴሌግራም የሚለቀቀውን ማስታወቂያ አንድ በአንድ ይመለከታል። በምሕንድስና ተመርቋል፤ ለትምህርቱም አምስት ዓመት ሙሉ ደክሟል። የሚያነብበው ማስታወቂያ ሁሉ ግን «የሥራ ልምድ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ» ይላል። ሥራ ካልያዘ ልምድ ከወዴት ያገኛል? ልምድ ከሌለው ማን ሥራ ይሰጠዋል?

እነዚህ ሁለት ሰዎች አንዱ ለሌላው የሚያስፈልገውን ይዘው በአንድ ከተማ እየኖሩ አይተዋወቁም። አንዱ ያለ ባለሞያ መኪና ታቅፎ ተቀምጧል፤ ሌላው ያለ መኪና ሞያ ታቅፎ ተቀምጧል። ይህ መለያየት አገሪቱን የሚጎዳ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ግን የነጋዴውን ኪስ ስለ ሆነ፣ ነገሩን በንግድ ዐይን መመርመር የተገባ ነው።

ትምህርቱ ከወዴት ተነሣ

በአገራችን የእጅ ሥራ ለብዙ ዘመን እንደ ነውር ይቆጠር እንደ ነበረ ሽማግሌዎች ያውቃሉ። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ሸክላ የሚያበጀው ሁሉ ሲሰደብ ኖሯል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ20ኛው ምእተ ዓመት መባቻ፣ ባለ እጅን የሚሰድብ እንዳይኖር ዐዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ያለ ምክንያት አልነበረም። ዐዋጁ ስድቡን ከለከለ እንጂ ልማዱን ግን በአንድ ቀን አልነቀለውም።

ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ብዙ የአገር ልጅ መኪና መፍታትና መግጠም፣ ብረት መበየድ፣ የኤሌክትሪክ መስመር መዘርጋት በሥርዓት የተማረው በዚሁ ቤት ነው። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በ1945 ዓ.ም. ደግሞ የምሕንድስና ኮሌጅ ተመሠረተ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ከስዊድን መንግሥት ጋራ በተደረገ ትብብር የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ሥራ ኢንስቲትዩት ሥራውን ጀመረ። በ1954 ዓ.ም. እነዚህ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ጥላ ሥር ሆኑ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተቋቋመ፤ በዚያም የእርሻ መካኒክ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የእንጨት ሥራ፣ የብረታ ብረት፣ የኤሌክትሪክና የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ትምህርት ይሰጥ ነበር።

የዚያ ዘመን ትምህርት ከሥራው ጋራ እጅና ጓንት ነበረ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ የቆቃ የውኃ ኀይል ማመንጫ በ1952 ዓ.ም. ሲያልቅ፣ የተማረው ሰው ጥቂት፣ የሚጠብቀውም ሥራ ብዙ ነበር። መሐንዲስ ሥራ ፍለጋ አይዞርም፤ ሥራው መሐንዲሱን ፈልጎ ወደ ቤቱ ይመጣ ነበር እንጂ።

ቁጥሩ እንዴት በዛ፣ ሥራው እንዴት ጠበበ

ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። ቀድሞ በጣት የሚቈጠሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከ40 በላይ ሆነዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2008 ጀምሮ፣ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ከሚገባው ተማሪ ከመቶው 70 የሚሆነው በሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ 30 የሚሆነው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ መንግሥት ወሰነ። ከጀርመን መንግሥት ጋራ በተደረገ ትብብርም የምሕንድስና ትምህርት እንዲሻሻል ተደክሟል። የአዳማና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም ለዚሁ ጉዳይ ተለይተው ተቋቁመዋል።

የሐሳቡ መሠረት ቅን ነበረ፤ ፋብሪካ የምትሻ አገር መሐንዲስ ያስፈልጋታልና። ነገር ግን የመማሪያ ክፍል በአንድ ክረምት ሲሠራ፣ ቤተ ሙከራ ግን በአንድ ክረምት አይሞላም፤ መምህርም በአንድ ክረምት አይበቅልም። ስለዚህ ብዙ ተማሪ ሞተርን በመጽሐፍ ላይ ከተሳለው ሥዕል አውቆ፣ በእጁ ግን ሳይፈታው ተመረቀ። ጉድለቱን ለመሙላት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ የትምህርት ወቅት ያህል በፋብሪካ ወይም በግንባታ ቦታ እንዲለማመድ ሥርዓት ወጥቷል፤ ይህም ኢንተርንሺፕ የሚባለው ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ተፈትኖ ከመቶ 50 ማግኘት ግዴታው ሆኗል። በመጀመሪያው ፈተና ካለፈው የወደቀው በዝቶ መገኘቱ፣ ብዛትና ጥራት ምን ያህል ተራርቀው እንደ ነበረ ገልጦ አሳይቷል።

ሥራው በበኩሉ እንደ ተመራቂው ቁጥር አልበዛም። ለብዙ ዓመት ከሁሉ የላቀ ቀጣሪ የነበረው ግንባታ ነው፤ መንገዱ፣ የጋራ መኖሪያ ቤቱ፣ የስኳር ፋብሪካው፣ የባቡር ሐዲዱ። አብዛኛው በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ገንዘቡ ሲያጥር ሥራውም አብሮ ያጥራል። ሲሚንቶና ብረት ሲወደድ ተቋራጩ ሠራተኛ ይቀንሳል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የደረሰው ጦርነትም ብዙ ሥራ አስቁሟል። በዚህ ሁሉ መካከል ዲግሪ የያዘ ወጣት ኮብልስቶን ሲያነጥፍ መታየቱ የዘመኑ መነጋገሪያ ሆነ። ድንጋይ ማንጠፍ ክቡር ሥራ ነው፤ ነውርም የለበትም። ነገር ግን አምስት ዓመት የመኪናን ጠባይ የተማረ ሰው ድንጋይ ሲያነጥፍ፣ በአጠገቡ ደግሞ መኪና ተበላሽቶ ሲዝግ፣ ኪሣራው የሁለቱም ነው።

ነጋዴው ከመሐንዲስ ምን ያተርፋል

ብዙ ነጋዴ መሐንዲስ የሚያስፈልገው ለትልልቅ ግድብና ለሰፋፊ መንገድ ብቻ ይመስለዋል። ለእርሱ መጋዘን፣ ለእርሱ ወፍጮ፣ ለእርሱ ቡና ማበጠሪያ አንድ ሜካኒክ ይበቃኛል ይላል። ይህ አሳብ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ ቀጥሎ ባሉት ምሳሌዎች ይታያል።

የመጀመሪያው ጥቅም የሚገኘው ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ነዳጁን የሚያቃጥለው በአየር ስለ ሆነ፣ አየር በግፊት የሚሞላለት ካልሆነ በቀር ከጕልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ወይም ከዚያ የበለጠ በዚህ ከፍታ ላይ ይጎድልበታል። እንግዲህ አንድ ነጋዴ ካታሎጉን አይቶ 100 ኪሎ ቮልት አምፔር የሚል ጄኔሬተር ቢያስመጣ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ 80 ያህል ብቻ የሚሰጥ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ሻጩ አላታለለውም፤ ካታሎጉም አልዋሸም። ከካታሎጉ ግርጌ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የከፍታ ሰንጠረዥ ያነበበለት ሰው ስለሌለ ነው እንጂ። የኤሌክትሪክ ሞተርም ቢሆን ብዙውን ጊዜ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ከዚያ በላይ ሲወጣ አየሩ እንደሚገባ አያቀዘቅዘውም፤ ሸክሙ ካልቀለለለትም ይግላል።

ሁለተኛው ምሳሌ የኤሌክትሪኩ ዐይነት ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። አሜሪካንን በመሰሉ አገሮች ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሞተር እንዲሁ በቀጥታ ወደ እኛ መስመር ቢገባ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ ቮልቱም ካልተስማማው ግሎ ይቃጠላል። ያገለገለ መኪና በርካሽ አገኘሁ ብሎ የገዛ ሰው ርካሹን ዋጋ በጥገና እጥፍ አድርጎ ይከፍላል። ኤል ሲ ከመከፈቱ በፊት ፕሮፎርማውን ለአንድ ቀን መሐንዲስ ቢመለከተው ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር።

ሦስተኛው ጥቅም መለዋወጫ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚመጣ እያንዳንዱ ጥርስና እያንዳንዱ ኩሽኔታ በብር ሲታሰብ እጅግ ውድ ሆኗል። ለጥቃቅኑ ዕቃ ግን ሁልጊዜ ውጭ አገር ማየት አያስፈልግም። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚሠሩትን ባለ እጆች የማያውቅ ነጋዴ የለም፤ ከወዳደቀ ብረት የሚያወጡት ዕቃ የሚያስደንቅ ነው። የጐደላቸው ጥበብ አይደለም፤ ልኩ በትክክል የተጻፈበት ንድፍና የብረቱን ዐይነት የሚመርጥላቸው ሰው ነው። መሐንዲሱ የተሰበረውን ጥርስ ለክቶ፣ ምን ያህል ሸክም እንደሚችል አስልቶ፣ ንድፉን ቢሰጥ፣ ባለ እጁ ደግሞ በሠለጠነ እጁ ቢሠራው፣ ለወራት ይጠበቅ የነበረው ዕቃ በቀናት ይገኛል። ቀለም ያወቀውና እጅ ያወቀው ሲተባበሩ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ይፈጸማል።

አራተኛው ጥቅም ላኪዎችን የሚመለከት ነው። የቡና ነጋዴ እንደሚያውቀው፣ ቡናው ሲከማች እርጥበቱ ከመቶ 11 ወይም 12 ገደማ መሆን አለበት። ከዚያ ከበለጠ ይሻግታል፤ እጅግ ከደረቀ ደግሞ ክብደቱ ጎድሎ ይሰባበራል። የእርጥበት መለኪያው በየጊዜው ካልተስተካከለ፣ የመፈልፈያው መኪና ካልተቃኘ፣ በቀለም የሚለየው መኪና መስተዋቱ ካልተጸዳና ካልተሞከረ፣ ደህናው ፍሬ ከመጥፎው ጋራ ይጣላል፤ ወይም መጥፎው ከደህናው ጋራ ወደ ውጭ ይላካል። ሁለቱም ኪሣራ ነው፤ ሁለተኛው ግን ስም ያጠፋል። በሰሊጥና በጥራጥሬ ማበጠሪያም ነገሩ ይኸው ነው።

አምስተኛው ከተሽከርካሪ ንግድ ጋራ የተያያዘ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚነዳ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ፣ በኤሌክትሪክ የሚነዳው በየመንገዱ በዝቷል። የዚህ ተሽከርካሪ ልብ ባትሪው ነው፤ ባትሪውም ከፍተኛ ቮልት የያዘ ስለ ሆነ በልማድ ብቻ የሠለጠነ ሰው ሊነካው አይገባም፤ ለሕይወቱም ያሠጋዋል። እንግዲህ ተሽከርካሪውን የሚያስመጣ፣ መለዋወጫ የሚሸጥ፣ ጋራዥ የሚያቆም ሁሉ ኤሌክትሪክ የተማረ ሰው ከአጠገቡ ሊያጣ አይገባውም።

በቁጥር ሲታሰብ

ነጋዴ የሚያምነው ሒሳብን ነው። እንበል፣ አንድ የዘይት መጭመቂያ በቀን 20,000 ብር ትርፍ ያስገባል። መኪናው ተበላሽቶ መለዋወጫና ቴክኒሻን እስኪመጣ 15 ቀን ቢቆም የቀረው ትርፍ 300,000 ብር ነው። ለአንድ አዲስ ተመራቂ መሐንዲስ በወር 15,000 ብር ቢከፈለው የዓመት ደመወዙ 180,000 ብር ይሆናል። እንግዲህ ይህ ሰው በዓመት ውስጥ እንዲህ ያለውን አንዱን ብቻ ብልሽት አስቀድሞ አውቆ ቢከላከል ደመወዙን ከፍሎ 120,000 ብር አተረፈ ማለት ነው። ቁጥሩ ለምሳሌ የተሰጠ ነው፤ እያንዳንዱ ነጋዴ የራሱን ቁጥር በቦታው አስገብቶ ቢያሰላ ግን የሚያገኘው መልስ ከዚህ እጅግ የራቀ አይሆንም።

መኪና ሳይበላሽ መጠበቅ ከተበላሸ በኋላ ከመጠገን እንደሚረክስ የታወቀ ነው። ዘይቱ በጊዜው መለወጡን፣ ኩሽኔታው መቀባቱን፣ ቀበቶው መጥበቁን በመዝገብ የሚይዝ ሰው ካለ መኪናው ሊደክም ሲል ቀድሞ ይናገራል። ድምፁ ይለወጣል፤ ይግላል፤ ይንቀጠቀጣል። የተማረ ጆሮ ይሰማዋል፤ ያልተማረ ጆሮ ግን የሚሰማው ሲሰበር ነው።

የነጋዴው ሥጋት

ነጋዴው ሥጋት የለውም ማለት አይደለም፤ ሥጋቱም ከንቱ አይደለም። «ሥራ አስተምሬው፣ እጁ ሲፈታ ሌላው በብልጫ ደመወዝ ይወስድብኛል» ይላል። «ዲግሪ ይዟል እንጂ ቁልፍ መያዝ አያውቅም» ይላል። «ሜካኒኬ ሃያ ዓመት ያገለገለኝ ሰው ነው፤ ትናንት የመጣ ልጅ አለቃው ሲሆንበት ይቀየማል» ይላል።

ለመጀመሪያው መልሱ ውልና ትርፍ ማካፈል ነው። ከደመወዙ በላይ መኪናው ሳይቆም ለሚሠራበት ወር ጉርሻ የተመደበለት ሰው፣ ትርፉ የእርሱም ስለ ሆነ ለመሄድ አይቸኩልም። ለሁለተኛው መልሱ የሙከራ ጊዜ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እስከ 60 የሥራ ቀን የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ የአንድ ወጣት ትጋትና ችሎታ ይታወቃል። ከዚህም ይልቅ የሚሻለው፣ ተማሪው ከመመረቁ በፊት ለልምምድ ሲላክ መቀበል ነው። ብዙ ባለ ፋብሪካ ተማሪውን ሲቀበል ሰነድ ፈርሞ፣ ሻይ እንዲያመጣ ልኮት፣ ወቅቱ ሲያልቅ ይሸኘዋል። ተማሪውን አንድ መኪና አስይዞ፣ ታሪኩን በመዝገብ እንዲጽፍ አድርጎ፣ ስፍር ሥራ ቢሰጠው ግን፣ ወቅቱ ሲፈጸም ወደፊት የሚቀጥረውን ሰው ያለ ብዙ ወጪ መርምሮ አወቀ ማለት ነው።

ለሦስተኛው መልሱ አክብሮት ነው። ነባሩ ሜካኒክ አባት፣ ወጣቱ መሐንዲስ ልጅ ሆነው እንዲሠሩ ሥርዓቱን የሚያበጀው ባለቤቱ ራሱ ነው። ልጁ ለአባት «ጋሼ፣ ይህን እንዴት ፈቱት?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አባትም ለልጁ «ይህ ለምን ይሆን የሚግለው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሁለቱም ያተርፋሉ። ሃያ ዓመት የተሠራ እጅ እንዴት እንደሚሠራ ያውቃል፤ አምስት ዓመት የተማረ አእምሮ ደግሞ ለምን እንደዚያ እንደሚሠራ ያውቃል።

ትዕግሥት ያፈራው ፍሬ

ባለሞያን ከውጭ አምጥቶ መጀመር፣ በአገር ልጅ ተክቶ መፈጸም፣ በአገራችን የተሞከረና የሠመረ መንገድ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ አስተዳዳሪዎቹና አብራሪዎቹ በውል የመጡ አሜሪካውያን ነበሩ። ድርጅቱ ግን በዚያው አልቀረም፤ የራሱን ማሠልጠኛ አቁሞ አብራሪውንም፣ የአውሮፕላን ቴክኒሻኑንም ከአገር ልጅ አፈራ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኅኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ሩብ ምእተ ዓመት የፈጀ ሥራ ነው። ዛሬ በቦሌ ያለው የጥገና ክፍል የሌሎችን የአፍሪካ አየር መንገዶች አውሮፕላን ጭምር ተቀብሎ ይጠግናል።

የአዲስ አበባ ጂቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡርም በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ የሚያንቀሳቅሱት የቻይና ባለሞያዎች ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ግን ሥራው ለኢትዮጵያውያንና ለጂቡቲያውያን ተላልፏል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ታላቁ የህዳሴ ግድብም ለብዙ ወጣት መሐንዲስ ትምህርት ቤት ሆኖ አገልግሏል። ግንባታውን እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ድረስ በሥራ አስኪያጅነት የመሩት ኢንጂነር ስመኘው በቀለ የአገር ልጅ ነበሩ። ሕጉም ቢሆን ይህንኑ ያዝዛል፤ የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 የውጭ አገር ባለሞያ የሚቀጥር ባለሀብት ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ አሠልጥኖ እንዲተካ ይደነግጋል።

እነዚህ ትልልቅ ድርጅቶች ናቸው፤ የመካከለኛ ነጋዴ ዐቅም ከዚህ አይደርስም የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ለአንድ ሱቅ ወይም ለአንድ ወፍጮ ቤት መሐንዲስ ቀጥሮ ማኖር ሊከብድ ይችላል። ነገር ግን በአንድ ሠፈር ያሉ አምስት ወይም ስድስት ባለ ወፍጮዎች ተባብረው አንድ መሐንዲስ ቢቀጥሩ፣ እርሱም በየሳምንቱ አንድ ቀን ለእያንዳንዱ ቢያገለግል፣ ወጪው ለእያንዳንዱ ቀላል ይሆናል። የመኪና አስመጪም እንዲሁ መሐንዲሱን በሽያጭ ክፍሉ ቢያስቀምጠው ለገዢው የሚስማማውን መርጦ ይሸጣል፤ ከሸጠም በኋላ ተከትሎ ይጠግናል። ገዢ ሁለተኛ የሚመለሰው ዋጋ ወደ ረከሰበት ብቻ አይደለም፤ ዕቃው ሲበላሽ ወደሚደርስለት ጭምር ነው።

ተመራቂውም ዕዳ አለበት

ጥፋቱን ሁሉ በነጋዴው ላይ መጫን ግን ፍርድ ማጓደል ነው። ከዩኒቨርሲቲ የወጣው ወጣት ብዙ ጊዜ የሚያልመው ቢሮ፣ ወንበርና ኮምፒዩተር ነው። እጁን ግራሶ እንዲነካው አይወድም፤ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ክፍለ ሀገር መሄድም ይከብደዋል። ሥራ ግን የሚበዛው መኪናው ባለበት ነው፤ መኪናውም ያለው በጅማ ቡና መፈልፈያ፣ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ በድሬዳዋ ሲሚንቶ ፋብሪካ፣ በመተማ ሰሊጥ ማበጠሪያ ነው። ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ እንደሚባለው፣ ትምህርቱ ከአእምሮው ሳይጠፋ እጁን ከሥራ ያገናኘ ተመራቂ ይጠቀማል፤ የሚመቸውን ሥራ ሲጠብቅ ሦስት ዓመት የተቀመጠ ግን ወረቀቱ እንጂ ዕውቀቱ አብሮት አይቆይም።

ለወጣቱ የተከፈተው በርም አንድ ብቻ አይደለም። ከቀጣሪ ዘንድ መግባት አንዱ ነው። ሦስት አራት ሆኖ ተደራጅቶ የጥገና፣ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ወይም የመለዋወጫ መሥሪያ ቤት መክፈት ሌላው ነው። የጨረታ ሰነድ ማዘጋጀት፣ የዕቃ ዝርዝር መመርመር፣ ለአስመጪ ማማከር ደግሞ ሦስተኛው ነው። ለዚህ ሁሉ ግን ከምሕንድስናው ጋራ የንግድን ቋንቋ መማር ያስፈልገዋል፤ ፕሮፎርማ ምን እንደ ሆነ፣ ቀረጥ እንዴት እንደሚታሰብ፣ መዘግየት ምን እንደሚያስከፍል ያላወቀ መሐንዲስ፣ ሞተሩን ቢያውቅም ሞተሩ ለምን እንደ ተገዛ አላወቀም።

ቀኑ ሳይመሽ

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የገቢና የወጪ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድን ለውጭ ባለሀብቶች ከፍቷል። ወደ ገበያው የሚገባው የውጭ ነጋዴ ገንዘቡን ብቻ ይዞ አይመጣም፤ ዕቃውን የሚመርጥለት፣ የሚተክልለት፣ የሚጠግንለት ባለሞያ አሰናድቶ ይመጣል። የአገሩ ነጋዴ በገንዘብ ብዛት ሊበልጠው ይቸግረው ይሆናል። የአገሩን ከፍታ፣ የአገሩን ኤሌክትሪክ፣ የአገሩን ባለ እጅና የአገሩን ገዢ በማወቅ ግን ሊበልጠው ይችላል፤ ይህን ዕውቀት በሥርዓት የሚይዝለት የተማረ ሰው ከጎኑ ካኖረ ብቻ ነው። ካላኖረ ግን እርሱ ያልቀጠረውን መሐንዲስ ያ የውጭ ነጋዴ ይቀጥረዋል፤ ያን ጊዜ የአገሩ ልጅ ዕውቀት በገዛ አገሩ ነጋዴ ላይ ተወዳዳሪ ሆኖ ይቆማል።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል ይባላል። መንግሥት በሕዝብ ገንዘብ አምስት ዓመት አስተምሮ ያወጣው ወጣት በደጅ ቆሞ ሳለ፣ መኪናው ውስጥ ቆሞ መዛጉ የዚህ ምሳሌ ማስረጃ ነው። አስመጪም፣ ላኪም፣ ባለ ሱቅም ቢሆን፣ የሚቀጥለውን ኤል ሲ ከመክፈቱ በፊት ካታሎጉን የሚያነብብለት አንድ ተመራቂ ቢጠራ፣ የሚያጣው የአንድ ቀን አበል ነው፤ የሚያተርፈው ግን መኪናውን ነው።